ልጄን ከወንበር ጋር ያሰሯት ሰውዬ

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና በፋሲካ ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ በገባሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁም።

የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። በመምህርነት ሰቆጣ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም፤ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣንጋን አልሰማም ነበር። የዚያን ቀን የአራት ዓመት ልጄን ይዤ አስከተማ የምትባል ከተማ ያለች እህቴ ዘንድ ልሄድ ከሰቆጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋቢና ስላገኘሁ ደስ አለኝ። ልጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አንዱን ቀበቶ ለሁለታችን አሰርኩት።

ከኋላዬ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ ሕፃኗን ወዲህ ስጪኝ።"

ልጄን ጠበቅ አድርጌ አቀፍኳት። ትንሽ ቆይተው፣ "አባቷ አብሯችሁ የለም?" አሉኝ።

ክው አልኩ። ምን አገባቸው?

ከረዳቱ ጋር በኽምጣንጋ ማውራት ጀመሩ። ረዳቱ ልጄን አየት አደረገና ለሾፌሩ አንድ ነገር ነገረው። ተመሳጥረዋል አልኩ። ባሌ ጋ ልደውል ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም።

ከከተማ ወጣ እንዳልን መኪናው ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ "እህት፣ ከሳቸው ጋር ቦታ ተቀያየሪ" አለኝ። እምቢ ብል ሜዳ ላይ እንዳይጥሉኝ ፈርቼ ልጄን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ሰውዬው እጃቸውን ተቀምጠውበት በነበረው ወንበር ስንጥቅ ሰደው አቧራ የጠጣ ቀበቶ ጎትተው አወጡ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ልጄን ላዩ ላይ አስቀመጧትና ቀበቶውን ከሆዷ ዝቅ አድርገው ዳሌዋ ላይ አሰሩት።

"ለምንድን ነው የሚያስሯት?" ብዬ ጮህኩ።

"ከፍ ካላለች ቀበቶው ሆዷን ይቆርጣታል" አሉና ጋቢና ገቡ።

እኔ ግን ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ተቀምጬ፣ መኪናው ዳግም ከቆመ ልጄን ፈትቼ ልሮጥ እጄን ከቀበቶው መፍቻ ላይ አላነሳሁም።

ቁልቁለቱ ላይ ከመታጠፊያው የጭነት መኪና ድንገት ብቅ አለብን። ሾፌራችን ሲሸሽ መንገድ ዳር ካለ ቋጥኝ ጋር ተላተምን። የኔ መቀመጫ ቀበቶ አልነበረውም፤ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጋጭቼ አፍንጫዬ ደማ። ልጄ ግን ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም።

ሰውዬው ግንባራቸው በመስታወት ስባሪ ተጭሯል። ወርደው መጀመሪያ የመጡት ወደ ልጄ ነው። ሆዷን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው "ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን" አሉ።

"እርስዎ ማን ነዎት አባቴ?"

"ሆስፒታል በር ዘበኛ ነኝ። መኪና ሲጋጭ ልጆቹን ተቀብዬ የማስገባ እኔ ነኝ። ከናታቸው ጋር ባንድ ቀበቶ የታሰሩትን የናትየው ክብደት..." አልጨረሱትም።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጅሽን አቅፈሽ ተቀምጠሽ፣ እንዴት ይሄን ልንገርሽ? አባቷን የጠየቅሁሽም ለሱ ልነግረው ብዬ ነው።"

በኋላ ረዳቱን ምን ሲያወሩ እንደነበር ጠየቅሁት። "ሕፃኗ ጋቢና ካለች አውርዱኝ፣ አልሄድም ነው ያሉን" አለኝ።

በደንብ እንኳ ሳላመሰግናቸው ሌላ መኪና መጥቶ ተለያየን። ዛሬም የማላውቀው ሰው "ልጅሽን ስጪኝ" ቢለኝ እጠረጥራለሁ፤ በዚህ አላፍርም። የማፍረው ሰውዬውን ያን ያህል ስጠረጥር ልጄን ያስቀመጥኩበትን ቦታ አንዴም አለመጠርጠሬ ነው።