ለእርኩም የተሰቀለ ቀፎ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሆሞሻ ስንሄድ ሚኒባሳችን መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሁለት እርኩሞች ዝግ ብለው ያቋርጡ ነበር፤ ጥቁር፣ ትልልቅ ወፎች፣ ለሽምግልና የተላኩ አዛውንቶች ይመስላሉ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ "ተዋቸው ልጄ፣ እነሱ አይቸኩሉም" አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በሐሳብ ነጎድኩ።

ያኔ በወጣትነቴ ከባምባሲ ወጥቼ ሆሞሻ አጠገብ ባለች መንደር አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ የእርኩም ድምፅ ከሩቅ እንደሚመታ ከበሮ ይሰማል፤ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኜ አዳምጠው ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የበቆሎ ጥብስ ከየደጁ በሚሸትበት ሰሞን፣ መንገድ ዳር ባለ ያረጀ ዋንዛ ግንድ ፍልፍል ውስጥ አንዲት እርኩም ጫጩት ፈለፈለች። ጎጆ የሚሆናቸው አሮጌ ዛፍ ሁሉ ከሰል እየሆነ፣ ወፎቹ ከዓመት ዓመት እየተመናመኑ ነበር። እኔና ጎረቤቶቼ ያቋቋምናት ትንሽ ማኅበር ይህችን ጫጩት ከመጥረቢያ ለማዳን ተነሣች።

መላውን የዘየዱት በማራቸው ጥራት አገር የሚያውቃቸው ሼህ ሙሳ ናቸው። በዚያ አካባቢ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ባለቤት አለው፤ ማንም አይነካውም።

"ባዶ ቀፎ እኔ ይሰቅላል፣ ኸላስ!" አሉ።

ሰቀሉት። ችግሩ፣ እኚህ ሰው ቀፎን እንደነገሩ መስቀል አያውቁበትም። እጃቸው ልማዱን ተከትሎ ውስጡን በሰም አሽተው፣ በመልካም ጢስ አጥነው ነበር። ሜዳው ሲያብብ ንቡ ግር ብሎ ገባ። እናቲቱ እንቁራሪት በአፏ ይዛ ስትመጣ ንቡ ያባርራታል፤ ጫጩቷ ውስጥ ሆና ትጮኻለች። ወደ ሼህ ሙሳ ሮጥኩ።

"ቀፎውን ብናወርደውስ?" አልኳቸው።

"ቀፎ ከሌለ ዛፍ ባለቤት የለም። ነገ ከሰል ነው። አንተ አትፍራ፣ አስተማሪ።" በእሳቸው አማርኛ እኛ ሴቶቹም ሁላችን ወንዶች ነበርን።

አመሻሽ ላይ ንብ የገባበትን ቀፎ አውርደው ራቅ ያለ ዛፍ ላይ ሰቀሉት። በቦታው ሌላ ቀፎ ሰቀሉ፣ አፉን በጭቃ ደፍነው። ከኩርሙክ የሚመለሱ ነጋዴዎች እየቆሙ ይስቁ ጀመር።

"ሼህ ሙሳ አረጀ! ንቡ በየት ይግባ?"

ማራቸው ኩራታቸው ነበርና ሳቁ እንደሚያማቸው ከፊታቸው አያለሁ። "ወላሂ፣ ይሄ ለንብ አይደለም" ብለው አንዴ ብቻ መለሱ። ሰው ሳቀ እንጂ ዛፉን የነካው አልነበረም። ሣሩ ሲደርቅ ጫጩቷ አድጋ ከፍልፍሉ ወጥታ መሬት ላይ ዱብ አለች። ሼህ ሙሳ አጨበጨቡ።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። እኔም ጡረታ ወጥቼ ጓሮዬ ንብ አረባለሁ፤ ማሬን የቀመሰ ያመሰግነኛል፣ ምስጋናውንም እወደዋለሁ። ስለ ወፍ ጥበቃ በየስብሰባው ብዙ ተናግሬ ብዙ ተጨብጭቦልኛል። ለአንዲት ጫጩት ስል መንገደኛ ሁሉ እንዲስቅብኝ እፈቅድ ነበር? እንጃ። ደፍሬ አዎ ማለት አልቻልኩም።