የተጠቀለለው ሬዲዮ

ሰው ኢንተርኔትን በሞገድ የሚያሰራጭ የሬዲዮ መሣሪያን በሕፃን ብርድ ልብስ የሚጠቀልለው ለምንድን ነው? የሬዲዮ ሞገድ ፍተሻ ቢሮው ዘበኛ ቢያስብ ቢያስብ መልስ አጣ። ሬዲዮውን ያመጣው ሰውዬ ለሰፈሩ ኢንተርኔት የሚያዳርስ ነው፤ ጣሪያ ለጣሪያ ሲል አንገቱ ጠቁሯል፣ ዓይኑም በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። ሬዲዮውን ለመርማሪዋ ሲያስረክብ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብሎ፣ «አደራህን፣ ከተፈቀደልህ የሞገድ ኃይል በላይ እንዳትጮህ» አለው።

«ፍተሻውን ቢወድቅስ?» አለ ዘበኛው።

«መስመሩ ይዘጋል፣ የአማቴም ድራማ ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ቤት ያስገባኛል፣ ጋሼ?»

መርማሪዋ ቆይታ ተመለሰች፤ የፈቃዱን ምልክት ለጥፋበታለች። «አልፏል። ሲሠራ ግን ብርድ ልብስ አታልብሰው፣ ይግላል።»

ሰውዬው መልሶ ጠቀለለው፤ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎም እሹሩሩ እንደሚል ሰው ወዘወዘው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንቅልፍ የወሰደው ግን እሱን ራሱን ነበር።