አየሁህ፣ እለፍ

ጋሼ የምላቸው አጎቴ ጎጃም በረንዳ፣ እኔ በምሸከምበት መጋዘን ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዱ ነበር። ጆንያ አዝለን አቀርቅረን ስናልፍ ሞተሩን ያጠፉና «ቀና በል፣ ልይህ!» ይላሉ። ዓይናችን ሲገጣጠም «አየሁህ፣ እለፍ» ይሉናል። ባለዕቃው «ኧረ ጋሼ፣ የጭነት መኪናው ይራገፍልኝ!» ብሎ ቢጮህም፣ «ይቆይ፤ ይሄ ልጅ አላየኝም» ነው መልሳቸው። እኔማ ሸክሙ ሲከብደኝ እነጫነጭባቸው ነበር። በእሳቸው ጊዜ አንድም ሰው አልተገጨም።

ታመው አረፉ። ቀብራቸው ላይ እንባ እንኳ አልወጣኝም። ከሰልስቱ በኋላ ሥራ ገባሁ። ዛሬ ጆንያ ተሸክሜ የፎርክሊፍቱን ድምፅ ስሰማ ቆሜ ቀና አልኩ። አዲሱ ሹፌር ክላክስ አድርጎ፣ ሳያየኝ አለፈ። መንገዱ ተከፈተ። «እለፍ» የሚለኝ ሰው ስላጣሁ ግን፣ ሸክሜን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ።