ወር ሲዘጋ ሁሉም ይወጣል

አሮጌው የኮምፒዩተር የበጀት ፕሮግራም ሊነሳ ነው በተባለ ሰሞን፣ አምቦ በሚገኘው የዞን ቢሮአችን አሠራሩን በወረቀት የሚያሰፍር ሰው ተፈለገ። የሠሩት ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል፤ ከመመሪያው የተረፉት የመጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ነበሩ። አዲሱን የሚያመጡት ሰዎች ደግሞ አሮጌው ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚከለክል፣ ምኑን ከምን እንደሚቀንስ ተሥሎ ካልተሰጠን አንጀምርም አሉ። የሚፈልገው ስላልነበረ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። አልጠላሁትም። ባሌ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ሰው የማያናግረኝ ሥራ ይስማማኝ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። እነሱ ቀን ሲማሩ እኔ ማታ እየተማርኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ፤ ከዚያም ቅዳሜና እሑድ ኮሌጅ ገባሁ። ያ ዓመት የመጨረሻዬ ስለነበረ ይህንኑ ሥራ ለመመረቂያ ጽሑፌ አቀረብኩት። የሠራተኛ ድልድል እየመጣ ነበር። በአዲሱ መዋቅር የእኔ መደብ ዲግሪ ይጠይቃል። የዲግሪ ወረቀቱ ከድልድሉ በፊት ከደረሰልኝ ሥራዬ ላይ እቀራለሁ፤ ካልደረሰልኝ ስሜ አይወጣም፤ ቤታችን ደግሞ ከእኔ ደሞዝ ሌላ ገቢ አልነበረውም።

ጠረጴዛ የምትጋራኝ ጸሐፊ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣለች፤ የቢሮውን ደብዳቤ ሁሉ ግን የምትተይበው እሷ ናት። እኔ ወደ ወረዳዎች ስወጣ የእኔን ሥራ ደርባ ትይዝልኝ ነበር። የአንቺም መደብ ወረቀት መጠየቁ አይቀርም፣ ለምን አትማሪም ስላት፣ የሰው መመረቂያ ስትተይብ ስለኖረች ቢደመር አምስት ዲግሪ እንዳላት ትነግረኛለች። እኔን ደግሞ፣ «አንቺዬ፣ ዲግሪሽና ጡረታሽ እሽቅድምድም ይዘዋል» ትለኝ ነበር።

አሠራሬ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ነገር እነካለሁ፣ የሆነውን እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ሳጥን ቀስት። ወረዳው ጥያቄውን ያስገባል፣ ከተፈቀደለት የበጀት ጣሪያ ካለፈ ይመለስበታል፣ ከጸደቀ ለየወሩ ይከፋፈላል። ጳጉሜን የራሷ ቦታ የላትም፤ ከነሐሴ ጋር ተደርባለች። ሒሳቡ አንዴ የተዘጋ ወር ተመልሶ አይከፈትም። ሰዎች ሲያስተዛዝኑኝ አልቅሺ ይወጣልሻል ይሉኛል። እኔ ሳጥን እሥል ነበር። አልወጣልኝም፤ ግን ሳጥኖቹ ትክክል ነበሩ።

እንጭኒ ሄጄ ሁሉም ነገር መመሪያው እንደሚለው ሆኖ አገኘሁት። ቀጥዬ ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ ወጣሁ። የደረስኩት ወር በሚዘጋበት ቀን ነው። የወረዳው ሒሳብ ሹም ካፖርቱን ቢሮ ውስጥም የማያወልቅ ሽማግሌ ነበር። «አካም ጅርታ፣ ኦቦሌቲ» ብሎ፣ እንደምን ነሽ እህቴ ማለቱ ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። ሒሳቡን አመሳከረ፣ እንደገና አመሳከረ፣ ከዚያ «ዝጋ» የሚለውን ሳይነካ እጁን አነሳና ሁላችሁም ውጡ አለ። ሠራተኞቹ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። እኔ ማስታወሻዬን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ።

«አንቺም ኦቦሌቲ። ዞንም ቢሆን ይወጣል።»

ወጣሁ። እሱ «ዝጋ» የሚለውን ተጫነና በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ገጠመው። በረንዳው ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ወለሉ ጣውላ ነው አለኝ፤ ሰው ሲራመድበት ግድግዳው ይነቃነቃል፣ ግድግዳው ሲነቃነቅ ሶኬቱ ይላላል። አንድ ጊዜ መዝጋቱ መሐል ላይ ተቋርጦ ወሩ ክፍትም ዝግም ሳይሆን ቀርቷል። ኮምፒዩተሩን በጋቢ ጠቅልለው ድንች በጫነ አይሱዙ ወደ አምቦ ወሰዱት፤ የወረዳው ሠራተኛ ደሞዝ ሳያገኝ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ ወር ሲዘጋ ሁሉም ይወጣል። ሶኬቱን ለምን አታሠሩም አልኩት።

«በየዓመቱ በጀት ላይ እናስገባዋለን፤ በየዓመቱ እናንተ ትቆርጡታላችሁ» አለኝ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ።

አንዷ ሠራተኛ ጥቁር ልብሴን አይታ ማን እንደሞተብኝ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከንፈሯን መጠጠች፤ ከዚያ ወሬው ወደ ገብስ አዝመራው ዞረ። ውስጥ ማሽኑ ጮኸ፤ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ገባን።

አምቦ ተመልሼ «ዝጋ» ከሚለውና «ተዘግቷል» ከሚለው መካከል አንድ ሳጥን ጨመርኩ፤ «ሁሉም ይወጣል» የሚል። ኮሌጅ ያለው አማካሪዬ፣ በዕድሜ ታናሼ የሆነ ትሑት መምህር፣ አየውና እርሳሱን አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ሰው በረንዳ ላይ መቆሙ ሶፍትዌር አይደለም። ይህን አውጪው።»

«ካወጣሁት ቀስቱ ውሸት ይሆናል» አልኩት።

ሊጎዳኝ አልፈለገም። ፈታኞቹ በዚች ሳጥን ሰበብ ጽሑፉን ከመለሱት እስከሚቀጥለው ዙር እንደምቆይ፣ ድልድሉ ግን እንደማይጠብቀኝ አስረዳኝ። ልክ ነበር። ቤት ሄጄ ሳጥኑ የሌለበት ሌላ ሥዕል ሠራሁ። ንጹሕ ነበር። የልጆቼን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ፣ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ዘርግቼ አየኋቸው። ሳጥን ያለበትን አስገባሁ። ድፍረት አልነበረም፤ ያን ጊዜ የምፈራበት ቦታ ደንዝዞ ነበር መሰለኝ።

ፈታኞቹ ሳጥኑ ጋ ሲደርሱ ተሳሳቁ። አንደኛው ሥዕሉ ላይ ዝናቡስ የት አለ አለኝ። ፕሮግራሙ መሐል ላይ ከተቋረጠ መመለሻ እንደማያውቅ፣ የጎጆ ወረዳ ሠራተኞች መመለሻ ስለሌለው እንዳይቋረጥ እንደሚያደርጉ፣ አዲሱን የሚሠሩትም ይህን ማወቅ እንዳለባቸው ተናገርኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አስወጥተውኝ ተመካከሩ። ሳጥኑ ከዋናው ሥዕል ወጥቶ ወደ አባሪ ይሂድ፣ ከዚያ ታልፊያለሽ ተባልኩ። አባሪ አደረግሁት፤ አለፍኩ፤ ውጤቱ መካከለኛ ነው። አዲሱን ያመጡት ሰዎች ሰነዱን ሲረከቡ ዋናውን ክፍል ወሰዱ፤ አባሪውን የጠየቀ የለም።

የዲግሪ ወረቀቱ ከድልድሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ደረሰልኝ። የስም ዝርዝሩ የተለጠፈ ጧት ቢሮው በር ላይ ሰው ተጋፍቶ ነበር። ስሜን አገኘሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ትንሽ ቆምኩ፤ ምንም አልመጣም። ዞር ልል ስል ጸሐፊዋ ከኋላዬ ክንዴን ያዘችኝ። ዓይኗ ከሩቅ አያነብላትም፤ ግፊያውንም አልቻለችውም።

«የእኔን እይልኝ» አለችኝ።

ከላይ እስከ ታች አየሁ። ከታች ወደ ላይ ደግሜ አየሁ።

«የለም» አልኳት።

እንደገና እይ አላለችኝም። ነጠላዋን አስተካከለች።

«አንቺ ካየሽውማ የለም ማለት ነው» አለችና ከሰው መሐል ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። እስከ መንገዱ ድረስ አጠገቧ ሄድኩ።