አንድ ሰው የሚያጠብቀው ቺንጋ

ወርቁና ሲራጅ በመርሳ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጋራዥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተዋል። የሞተር ቺንጋ፣ ያን የጎማ ቀበቶ፣ ሲያጠብቁ ሲራጅ ረጅሙን የብረት ዘንግ ከዲናሞው ሥር አስገብቶ ይገፋል፤ ወርቁ ብሎኑን ያስራል።

«በቃ?»

«ትንሽ ጨምር።»

«አሁንስ በቃ?» ይላል ሲራጅ።

«በቃ።»

ሁለት ሰው የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀላል ነው። ቺንጋው እንዲወጠር ዲናሞው ወደ ውጭ ተገፍቶ መያዝ አለበት፤ እንደተያዘም ሌላ እጅ ብሎኑን ማሰር አለበት።

አምና የሲራጅ ልጅ ወልድያ ላይ ጋራዥ ከፈተና አባቱን ወሰደው። ሲራጅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይወርዳል፤ ወርቁ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመውን የሁለት ሰው ሥራ አብረው ይጨርሳሉ። ምሳቸው ሁልጊዜ ሽሮ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥጋ ስለማይበላ ሽሮ ሁለቱንም ያስማማል። ወርቁ ባለቤቱ አለሚቱ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር በአንድ ትሪ የሚበላው በዚያች ቀን ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ናጅዋ ፒክአፕዋን አስጎትታ መጣች። ከግራና ከተማ ወደ ወልድያ ሽንኩርት የምታመላልስ ነጋዴ ናት።

«ጋሽ ወርቁ፣ ሽንኩርቴ አንቱን አይጠብቅም» አለች። «ሲራጅ ቅዳሜ ይምጣ የሚሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ።»

«ቺንጋ ከሆነ ለቅዳሜ ነው።»

«እንግዲያው ያለዎት ግማሽ ጋራዥ ነዋ!»

ወርቁ ኮፈኑን ከፈተ። የዚህ ሞተር አሠራር ማየት ለሚወድ ሰው ደስ ይላል። አንድ ረጅም ቺንጋ ሞተሩ ከሚያዞረው መዘውር፣ ከዋናው ፑሊ፣ ተነስቶ ውሃ ፓምፑን፣ የኤሲውን ኮምፕሬሰርና ዲናሞውን በየተራ እያዞረ ይመለሳል። አንዱ አልዞርም ካለ ቺንጋው በላዩ ላይ እየተፋተገ ይቃጠላል። እዚህ የተቆለፈው ኮምፕሬሰሩ ነው። ናጅዋ ኤሲ አብርታ ስለማታውቅ አውጥቶ መጣል ይቻላል። አጭር ቺንጋ አስሮ መሸኘት ግን አይበቃም። ኮምፕሬሰሩ ቺንጋውን ወደ ጎን ስቦ በውሃ ፓምፑ ፑሊ ላይ ግማሽ ዙር እንዲጠመጠም ያደርግ ነበር። እሱ ሲነሳ ቺንጋው ፓምፑን ዳሩን ብቻ ነክቶ ያልፋል። ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅም፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር ይንሸራተትና ውሃው ይፈላል።

ስለዚህ በኮምፕሬሰሩ ቦታ ዝም ብሎ የሚዞር ባዶ ፑሊ ያስፈልጋል። ወርቁ እዚህ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ታየው። ፑሊው ለምን አንድ ቦታ ይቆማል? በረጅም ብሎን ወዲያና ወዲህ እንዲንሸራተት ቢደረግ ቺንጋውን የሚወጥረው እሱ ራሱ ነው። ዲናሞው አይነካም። ዘንግ የሚገፋም አያስፈልግም።

ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። ብልሃቱ ከሠራ በናጅዋ መኪና ላይ ብቻ አይቀርም። ሲራጅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚወርድበት ምክንያት ያልቃል።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች ናጅዋ።

«ነገ ከሰዓት ነይ» አላት።

ከወዳደቁት ሞተሮች ኩሽኔታው ደህና የሆነ፣ ሳይንገራገጭ የሚዞር ፑሊ ፈለገ። ወፍራም ላሜራ ላይ ረጅም ቀዳዳ አወጣ፤ ረጅሙ ብሎን የሚዞርበትን ዳዶ በየደበት። የፑሊዎቹ ፊት በአንድ መስመር መቆሙን በክር አረጋገጠ፤ ትንሽ ከተዛነፈ ቺንጋው ጠርዙን ይበላል። ከዚያ በዚያው ክር ዙሪያውን ለካና ቺንጋ ገዛ። አልገባ አለው። ክሩን የለካው እንደ ድሮው ጥብቅ አድርጎ ነበር፤ ሲራጅ እያለ ጠባብ ቺንጋም ቢሆን በዘንግ ተገፍቶ ይገባል። ፑሊውን ወደ ውስጥ መልሶ እንደገና ለካ፤ በሁለት ጣት የሚረዝም ቺንጋ ለውጦ መጣ። ይኼኛው በእጅ ገባ። ብሎኑን ሲያዞር ቺንጋው ቀስ እያለ ተወጠረ፤ በአውራ ጣቱ ሲጫነው አንድ ጣት ያህል ብቻ ወረደ። ሞተሩን አስነሳ። ጩኸት የለም።

ሐሙስ ሲራጅ ደወለ።

«ናጅዋን እዚህ ወልድያ በራችን ላይ አስቁሜ ኮፈኑን አስከፈትኳት። አንተ ሌባ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወገቤን ስትቆርጥ ይህን ብሎን የት ደብቀኸው ነበር?»

ወርቁ ሳቀ።

«ለቅዳሜስ ምን አለህ?»

ወርቁ ዞር ብሎ አየ። ቺንጋዋ የላላ አንዲት ሚኒባስ ቆማለች። ባለፈው ሳምንት ቢሆን የቅዳሜ ሥራ ነበረች። «ሽሮው አለ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ለሽሮ ና ማለት ግን ከዚያ በፊት ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

«የለም» አለ። «ብቻዬን እጨርሰዋለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴም የቅዳሜ ማለዳውን የሚኒባስ ጉዞ ጠልቶት ነበር። እንግዲህ ካስፈለግኩህ ደውል።»

ቅዳሜ የመጀመሪያው ሚኒባስ ከወልድያ ደርሶ ሰው አራገፈ። ወርቁ ቀና ብሎ አላየም። ቺንጋዋ ለላላባት መኪና ሌላ ፑሊ ተክሎ ብሎኑን ማዞር ጀመረ።

«በቃ?» አለ ሳያስበው።

ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሩብ ዙር ጨመረ።