የጆንያው ታች

ነፍሷን ይማርና፣ አያቴ እህል በረንዳ ጤፍ ስትገዛ ነጠላዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ትከት ነበር። የላዩንማ ማንም ያሳምረዋል፤ እሷ የምትፈልገው የታቹን ነው። ልጅ ሳለሁ የኔንም እጅ ይዛ አብራ ታስገባው ነበር። ከታች ጤፉ ይቀዘቅዛል፤ የሷ እጅ ግን ይሞቃል።

ሻጩ «እትዬ፣ አያምኑኝም እንዴ?» ካላት፣ «አንተንማ አምንሃለሁ፤ ጆንያውን ነው የማላውቀው» ትለዋለች።

እኔም መርካቶ ስነግድ ነው የኖርኩት፤ ማንም አታሎኝ አያውቅም እያልኩ ጉራዬን እነዛ ነበር። ለአርባዋ ተዝካር ጤፍ ልገዛ ስሄድ ግን ሻጩ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ አንገቱን ሲደፋ፣ እጄን መክተት አፈርኩ። ዝም ብዬ አሸክሜ ቤት ገባሁ። አክስቴ ስትነፋው ከመሃል በታች ያለው አፈር የተቀላቀለበት ሆኖ ተገኘ።

«ጉድ! በሷ ተዝካር አፈር ልታበላን ነው?» አለችኝ። «እሷ ብትኖር ይሄ ጆንያ ደጃችን ይደርስ ነበር?»

በማግስቱ መልሼ ወሰድኩት። ሻጩ ዓይኔን ሳያይ ሌላ ጆንያ ፈታልኝ። እጅጌዬን ጠቅልዬ ክንዴን እስከ ክርኔ ከተትኩ።

«ምነው ወንድሜ፣ አሁንም አታምነኝም?»

«አንተንማ አምንሃለሁ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ጣቶቼን ወደ ታች ሰደድኩ።

ጤፉ እስከ ታች ድረስ ንጹሕ ነበር፤ ደግሞም ቀዝቃዛ። እጄን ማውጣት ነው ያቃተኝ።