ቆማ ያየች ወይስ ያዋለደች?

የሲስተር አልጋነሽ ማመልከቻ ዛሬ ጠዋት ተመለሰ። "ደብዳቤው ወሊድ ላይ ተገኝታለች እንጂ አዋልዳለች አይልም" ተብሏል።

ሲስተር የቁስቋም ጎረቤቴ ናት። ጡረታ ከወጣች በኋላ አዋላጆችን ለማሠልጠን አመለከተች። ዋና ማስረጃዋ በደርግ ጊዜ መካነ ብርሃን ከተማ አብሯት የሠራ ፈረንሳዊ ሐኪም የጻፈላት ደብዳቤ ነው። ቀጣሪው በእንግሊዝኛ ስለፈለገው ከተማ ውስጥ አስተረጎመችው።

"ምነው ጋሼ፣ እኔ ቆሜ ሳይ ልጆቹ በራሳቸው ወጡ?" አለችኝ።

ሐኪሙ የተጠቀመበት "አሲስቴ" የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል መገኘትም መርዳትም ይሆናል። ተርጓሚው መዝገበ ቃላቱ ያስቀደመለትን ወስዷል።

በደርግ ዘመን ለጋዜጣ የእርዳታ ሠራተኞችን ሪፖርት ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ፣ አለቃዬ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሳልጠይቅ ጽሑፌን አይቀበሉኝም ነበር። (ሳንሱሩ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሰርዝ ነበር።)

ዛሬም መጀመሪያ ሲስተርን ጠየቅኋት። በወሊድ ጊዜ ማን ምን ይሠራ እንደነበር ከነገረችኝ በኋላ "አሲስቴ" ያለበትን የደብዳቤውን መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። "በገዛ እጇ" ይላል። ተርጓሚው ዘሎታል።

እንዲህ ያለ ትርጉም ሥራ ያሳጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። አዲሱን ትርጉም ከሰዓት በኋላ አስገብተናል፤ ውሳኔው ሐሙስ ይነገራታል።